ግብር እንከፍላለን፣ ድምፅ ግን የለንም፦ ከዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች ለኮንግረስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት አባላት
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ በራሳችን ገንዘብና በራሳችን ሕግ ላይ እንድንወስን፣ በምክር ቤታችሁም ድምፅ እንዲኖረን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

የምንጽፍላችሁ ከቢሯችሁ ብዙም የማንርቅ ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ኢትዮጵያ ተወልደን እዚህ ዜግነት የወሰድን የዲሲ ነዋሪዎች ነን። ታክሲና ኡበር የሚነዳ አለ። ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ አለች። ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ምግብ ቤት የከፈተ፣ የመንግሥት ቢሮ የተቀጠረም አለ። ሁላችንም ግብር እንከፍላለን። ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ ከምትሰጡት መካከል ግን አንዳችሁንም አልመረጥንም። ስታጠፉም ልናወርዳችሁ አንችልም። ያም ሆኖ በከተማችን ላይ ከከንቲባችን የበለጠ ሥልጣን አላችሁ።

ደብዳቤውን በእንግሊዝኛም ወደየቢሯችሁ እንልካለን። በአማርኛ ያወጣነው በሌሎች ስቴቶች የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲያነቡት ነው። እነሱ ስልክ ቢደውሉ የሚያነሳላቸው ሴናተር አላቸው። ለእነሱም መጨረሻ ላይ የምንለው አለን።

ብዕር ያስነሳን በማርች 2025 ያደረጋችሁት ነው። በዚያ ወር የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ እንዳይቆም የበጀት ማራዘሚያ ሕግ አወጣችሁ። እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ዲሲ ራሷ ባጸደቀችው በጀት እንድትቀጥል የሚፈቅድ አንቀጽ ይገባበት ነበር። በዚያን ጊዜ አንቀጹ ሳይገባ ቀረ። የበጀት ዓመቱ እኩሌታ ላይ ደርሰን ሳለ ከተማዋ ወደ ባለፈው ዓመት የወጪ ልክ ተመለሽ ተባለች። ልዩነቱ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ገንዘቡ የፌዴራሉ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የዲሲ ሰው የከፈለው የገቢ ግብር፣ የቤት ግብርና የሽያጭ ታክስ ነው። ከተማዋ እንዳታወጣው ስትከለክሉ የፌዴራሉ ካዝና አንድ ሳንቲም አላተረፈም። እኛ አዋጥተን፣ የከተማዋ ምክር ቤት የሆነው ካውንስላችን ተወያይቶ፣ ለመምህርና ለፖሊስ ደሞዝ የመደበው ብር ተቀምጦ እያለ አትንኩት ተባልን።

ሴኔቱ በዚያው ቀን ማስተካከያ አጸደቀ። ፕሬዚዳንት ትራምፕም ተወካዮች ምክር ቤቱ ቶሎ እንዲያጸድቀው በይፋ ጠየቁ። ምክር ቤቱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ረቂቁን ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ቅጥር አቆሙ፣ ትርፍ ሰዓት ገደቡ፣ አንድ የቆየ ሕግ ላይ መውጫ ፈልገው ጉድለቱን አጠበቡት። በየቤታችን የነበረው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ከትምህርት በኋላ ልጆቹ የሚቆዩበት ፕሮግራም ይቀጥላል ወይስ ይዘጋል? የሁለት ሥራ ሰው ይህን ሳያውቅ የወሩን ሺፍት እንዴት ይያዝ? ለከንቲባዋ ብንጮህ ውሳኔው የእሳቸው አይደለም። አጀንዳውን ለድምፅ የሚያቀርቡት አፈ ጉባዔ ደግሞ የሚመረጡት ሉዊዚያና ነው። ዲሲ ውስጥ ሺህ ሰው ቢቆጣ ሉዊዚያና ላይ አንድ ድምፅ አይቀንስባቸውም።

ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በማርች 2020 ኮሮና ሲገባ እያንዳንዱ ስቴት ቢያንስ 1.25 ቢሊዮን ዶላር እንዲደርሰው ወሰናችሁ። ዲሲን ግን ከስቴቶቹ ረድፍ አውጥታችሁ እንደ ፖርቶ ሪኮ ካሉ ግዛቶች ጋር ደመራችኋት። የደረሳት 500 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ታክሲው ቆሟል፣ ሆቴሉ ተዘግቷል፣ የቤት ኪራይ ተጠራቅሟል። የጎደለው 755 ሚሊዮን ዶላር የተመለሰው በዓመቱ፣ በ2021 ነው። የፖርቶ ሪኮ ነዋሪ እዚያው ባገኘው ገቢ ላይ በአብዛኛው የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፍልም። እኛ እንከፍላለን፣ ያውም በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከየትኛውም ስቴት በላይ። ዕቁቡን በየወሩ እየጣለ ስሙ ዕጣው ውስጥ ያልገባ ሰው ማለት ነን።

ጣልቃ ገብነታችሁ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ ሁላችሁም የምታውቁት አይመስለንም። የታክሲ ቆጣሪን ጉዳይ እናንሳ። በ1930ዎቹ ኮንግረስ በዲሲ የበጀት ሕግ ውስጥ ታክሲ ቆጣሪ እንዳይኖረው የሚከለክል አንቀጽ አስገባ። በዚህ የተነሳ ከተማዋ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዞን ሒሳብ ሠራች። የኮንግረስ ሕንፃ ካፒቶልና መሐል ከተማ በርካሹ ዞን ውስጥ ስለነበሩ የምክር ቤት ሰዎች በጥቂት ብር ይመላለሱ ነበር። የእኛ ሰዎች ወደ ታክሲው ሥራ በብዛት ሲገቡ መጀመሪያ የተማሩት የዞኑን ካርታ ነው። ከአዳምስ ሞርጋን ተነስቶ አናኮስቲያ እስኪደርስ ስንት ዞን እንደሚያልፍ በቃሉ የማይወጣ ሹፌር አልነበረም።

ከዚያ በ2006 የሚሺጋኑ ሴናተር ካርል ሌቪን በዲሲ በጀት ላይ ሌላ አንቀጽ ጨመሩ፤ ከንቲባው እምቢ ካላለ በቀር ታክሲው ሁሉ ቆጣሪ ያስገባ የሚል። ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ በ2007 ቆጣሪው ይግባ አሉ። ሹፌሮቹ ሥራ አቁመው ተቃወሙ። በ2008 ቆጣሪው ገባ። ዞን ይሻል ነበር ወይስ ቆጣሪ የሚለውን የድሮ ሹፌሮች ዛሬም ቡና ላይ ይከራከሩበታል፣ እኛ አንገባበትም። ቆጣሪውን የከለከለው ኮንግረስ ነው፣ እንዲገባ የገፋውም ኮንግረስ ነው። በኑሮው የተወሰነበት ሹፌር ግን ሁለቱንም ጊዜ የሚጠይቀው ሴናተር አልነበረውም። ዲትሮይት የሚነዳ ታክሲ ነጂ ቢሆን ኖሮ ሴናተር ሌቪን ደጅ ሄዶ "ድምፄን ትፈልጋለህ ወይ?" ይላቸው ነበር።

በኖቬምበር 2014 የዲሲ መራጭ ማሪዋና መያዝ ሕጋዊ እንዲሆን በሰፊ ድምፅ ወሰነ። ከእኛ ውስጥ ብዙ ወላጅ ተቃውሞ ነበር፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔም አንዱ ነኝ። ድምፅ ተሰጠ፣ ተሸነፍን፣ በቃ። ከዚያ ግን የሜሪላንዱ ተወካይ አንዲ ሃሪስ ከተማዋ ሽያጩን በሕግ እንዳታስተዳድር የሚከለክል አንቀጽ በጀታችን ላይ አስገቡ። የእኔ ወገን ያሸነፈ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አልተደሰትኩም። ዛሬ በምጠላው ነገር ላይ የጎረቤቴን ድምፅ የሰረዘ ሰው ነገ በምወደው ነገር ላይ የእኔን ይሰርዛል። በ2023 ካውንስሉ ያጸደቀውን አዲስ የወንጀል ሕግ ሻራችሁት። ከንቲባችንም አልወደዱትም ነበር። ይሁን፣ ጠቡ የእኛ ነበር። እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው ነበር።

የራሳችን ካውንስል አይበድለንም አላልንም። በ2018 መራጩ ለቲፕ ሠራተኞች ሙሉ ደሞዝ እንዲከፈል ወሰነ፣ ካውንስሉ ሻረው። በ2022 መራጩ እንደገና በሰፊ ድምፅ ወሰነ፣ በ2025 ካውንስሉ እንደገና ነካካው። በእኛ ሰፈር ይህ ጉዳይ አስተናጋጅንና የምግብ ቤት ባለቤትን፣ አንዳንዴም እህትንና ወንድምን ያጣላ ነው። ነገር ግን ካውንስሉ ሲያስቀይመን ስብሰባው ላይ ገብተን እንናገራለን። ስሙን ይዘን ምርጫውን እንጠብቃለን። የቀድሞዎቹ አባላት አንዳንዶቹ ዛሬ ወንበራቸው ላይ የሉም። እናንተ ዘንድ ስንመጣ ግን የበይ ተመልካች ነን።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ። በበጎ ፈቃድ ለዜግነት ፈተና የሚቀመጡ ሰዎችን በአማርኛ አስጠናለሁ። ለዓመታት ያስጠናንበት ባለ 100 ጥያቄ ዝርዝር አለ። አንዱ ጥያቄ "ከስቴትዎ ሴናተሮች የአንዱን ስም ይጥቀሱ" ይላል። መንግሥት ራሱ ያዘጋጀው መልስ ላይ ለዲሲ ነዋሪ የተለየ ማስታወሻ ተቀምጧል፦ ዲሲ ሴናተር የላትም ብላችሁ መልሱ።

አንድ እናት ይህን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "የእህቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እሷ ሁለት አላት አላልክም?"

"አዎ እማማ፣ ሜሪላንድ ስለሆነች ነው።"

"እና እኛ ምን አጥፍተን ነው?"

ክፍሉ ዝም አለ። ታሪኩን ነገርኳቸው። ዋና ከተማዋ የማንም ስቴት እንዳትሆን ተብሎ መቋቋሟን። በ1961 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት ማግኘታችንን። በ1973 በወጣው የሆም ሩል ሕግ ከንቲባና ካውንስል ለመምረጥ መብቃታችንን። በ1978 ኮንግረስ ሙሉ ውክልና የሚሰጥ ማሻሻያ አሳልፎ 16 ስቴቶች ብቻ ስላጸደቁት በ1985 ጊዜው ማለፉን። እማማ በትዕግሥት ሰሙኝና "ይኼ ሁሉ መልስ አይደለም" አሉ። ልክ ናቸው። ያ ሁሉ ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚቀጥል አይናገርም። በዚያው ዝርዝር ላይ ቅኝ ተገዢዎቹ ከእንግሊዝ ጋር ለምን ተዋጉ ተብሎ ይጠየቃል። ከመልሶቹ አንዱ ያለ ውክልና ግብር ስለተጣለባቸው የሚል ነው። እማማ ሲመልሱት ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ። ውጭ የቆሙት መኪኖች ታርጋ ላይ ያው ቃል ተጽፏል። ከ2000 ጀምሮ የከተማችን ታርጋ የሚጮኸው እሱን ነው። ፈተናውን አለፉ። ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አገሪቱን ለመከላከል የማሉት የቴክሳስ ሰው በማለበት ቃል ነው። ግማሽ መሐላ የማለ የዲሲ ሰው የለም።

ድልድዩን ተሻግሮ አርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ የገባ ሰው ሁለት ሴናተርና አንድ ተወካይ ያገኛል። አካባቢው እስከ 1846 ድረስ የዲሲ አካል ነበር፤ በዚያ ዓመት ኮንግረስ ለቨርጂኒያ መለሰው። ኪራይ ስለተወደደበት ከዲሲ ወደ አሌክሳንድሪያ የተሻገረ ወገን በአንድ የፒክአፕ ጉዞ ሙሉ ዜጋ ይሆናል። ሥራ ቀይሮ ወደ ዲሲ ሲመለስ መብቱን ድልድዩ ላይ ጥሎ ይገባል።

ይህ በእኛ ማኅበረሰብ ምን ማለት እንደሆነ በ2018 አይተነዋል። ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው ኤች አር 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ በኤፕሪል 10 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ከገፉት አንዱ ከኮሎራዶ የተመረጡት ማይክ ኮፍማን ነበሩ። በእሳቸው የምርጫ ክልል፣ ኦሮራ ውስጥ፣ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። እየደወሉ፣ እየሄዱ፣ ስብሰባ እየጠሩ አስጨነቋቸው፤ እሳቸውም ሰሙ። የዜጋ አቅም ማለት ይህ ነው። በውሳኔ ሐሳቡ ከእኛም የሚስማማና የማይስማማ ነበረ። ግን ደጋፊውም ተቃዋሚውም የዲሲ ሰው ያደረገው አንድ ነው፤ መንገድ ላይ ቆሞ መፈክር ማሰማት። ከ1991 ጀምሮ የወከሉን ኤሊኖር ሆልምስ ኖርተን በምክር ቤቱ ይናገራሉ፣ በኮሚቴ ድምፅ ይሰጣሉ። ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፃቸው አይቆጠርም። ሴኔት ውስጥ ደግሞ ወንበርም የለንም።

በኦገስት 11፣ 2025 ፕሬዚዳንቱ የወንጀል አስቸኳይ ሁኔታ አውጀው በሆም ሩል ሕጉ አንቀጽ 740 መሠረት የከተማችንን ፖሊስ ለ30 ቀናት በእጃቸው አስገቡ። ናሽናል ጋርድ፣ በየስቴቱ ያለው ተጠባባቂ ጦር፣ ገባ። ወንጀል የለም አንልም። መስታወቱ የተሰበረበትና በሌሊት የተዘረፈ ሹፌር በመካከላችን አለ። ይሁንና የ2024 የከባድ ወንጀል ቁጥር በ30 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው መሆኑን የተናገረው የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ነው። 14ኛው መንገድ ላይ፣ ምግብ ቤቶቻችን ባሉበት ሰፈር፣ ኬላ ቆመ። ዜጋው ሳይቀር ፓስፖርቱን ኪሱ ውስጥ ከቶ መውጣት ጀመረ። ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከኦሃዮ፣ ከሉዊዚያና ወታደር መጣ። እነዚያን የላኳቸው የየስቴቶቻቸው ገዢዎች ናቸው። የዲሲን ጋርድ ግን የሚያዙት ፕሬዚዳንቱ እንጂ ከንቲባችን አይደሉም።

የዚህን ጉዳት እናንተም ቀምሳችሁታል። ጃንዋሪ 6፣ 2021 ካፒቶል ሲወረር ከንቲባዋ የከተማዋን ጋርድ በራሳቸው ማዘዝ አልቻሉም። ፈቃዱ እስኪመጣ ሰዓታት ሄዱ። በዚያ መሐል እየሮጡ ደርሰው በር ላይ የተደበደቡት የዲሲ ፖሊሶች ነበሩ፣ ደሞዛቸውን የምንከፍለው።

አንድ ነገር እንጨምር። ካውንስላችን በ2022 ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ ብቻ እንዲሳተፉ ፈቀደ። ልጁ እዚህ ትምህርት ቤት የሚማር፣ ግብር የሚከፍል፣ ዜግነቱን የሚጠብቅ ሰው ስለ ሰፈሩ አስተያየቱን እንዲሰጥ ነው። ብዙዎቹ ፈርተው ገና አልተጠቀሙበትም። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ሕጉን ለመሻር ደጋግሞ ድምፅ ሰጥቷል። የሰፈር ምርጫ ምናችሁ ነው?

ዲሲ ስቴት ለመሆን ትንሽ ናት የምትሉ አላችሁ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 689,545 ሰው ተቆጠረብን። ዋዮሚንግ 576,851፣ ቨርሞንት 643,077 ነበሩ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ሴናተር አላቸው። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ቀጠና ይኑር ይላል ለምትሉት፣ ዲሲን ስቴት የሚያደርገው ረቂቅ ሕግ ካፒቶልን፣ ዋይት ሐውስንና በዙሪያቸው ያለውን ለይቶ የፌዴራል ያደርገዋል። ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው ስቴት የሚሆነው። ብዙዎቻችሁ ጮክ ብላችሁ የማትናገሩትን ደግሞ እኛ እንናገረው፤ ዲሲ ዴሞክራት ትመርጣለች። አዎ ትመርጣለች። ዜጋ ድምፅ የሚሰጠው ለማን እንደሚመርጥ ታይቶ ከሆነ ግን ሰዎቹን የማስጠናው ሕገ መንግሥት ይህ አይደለም። ዴሞክራቶችም አትኩሩብን። ረቂቁ በጁን 2020 በ232 ለ180፣ በኤፕሪል 2021 በ216 ለ208 ተወካዮች ምክር ቤት አልፏል። በ2021 እና በ2022 ሁለቱም ምክር ቤቶችና ዋይት ሐውስ በእጃችሁ ነበሩ። ሴኔት ውስጥ ለድምፅ እንኳ አልቀረበም። በ2016 ከከተማችን መራጭ 86 በመቶው ስቴት መሆን እንፈልጋለን ብሎ ወስኖ እያለ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

በራሳችን ግብር የተሞላውን በጀት ያለ እናንተ ፈቃድ እንድናወጣው የሚያደርግ ቋሚ ሕግ አውጡ። የ2025ቱ እንዳይደገም ይህ ሳይዘገይ ይሁን። በበጀት ሕጎች ላይ እያስታከካችሁ ስለ ከተማችን አንቀጽ ማስገባቱን አቁሙ። አንቀጽ 740ን ሻሩ፣ የናሽናል ጋርዱን ትዕዛዝም እንደ ማንኛውም ስቴት ገዢ ለከንቲባችን ስጡ። የከተማ ምርጫ ሕጋችንን ተዉልን። ስቴት የሚያደርገንን ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች ለድምፅ አቅርቡት። የሚቃወም ስሙ ተመዝግቦ ይቃወም። እስከዚያው ተወካያችን ሕግ ሲጸድቅ ድምፃቸው የሚቆጠርበትን መንገድ ፈልጉ።

በሚኒሶታ፣ በቴክሳስ፣ በጆርጂያ፣ በኔቫዳ፣ በኮሎራዶ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እናንተን የምንለምነው አንድ ስልክ ነው። የሴናተራችሁ ቢሮ ደውሉ። በየትኛው ዚፕ ኮድ እንደምትኖሩ ይጠይቋችኋል፣ ንገሯቸው። ከዚያ ስለ ዲሲ ስቴትነት ሴናተሩ አቋማቸው ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ፓርቲያችሁ የትኛውም ቢሆን ግድ የለንም። እኛ ስንደውል የሚጠየቀው ዚፕ ኮድ የትም አያደርሰንም።

ከአክብሮት ጋር፣

በዋሽንግተን ዲሲ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን በአማርኛ የሚያስጠና በጎ ፈቃደኛ፣
አጥንተው ዜጋ ከሆኑና ገና በማጥናት ላይ ካሉ የከተማዋ ነዋሪዎች ጋር

ግልባጭ፦
ለዲሲ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለዲሲ ካውንስል
በመላው አሜሪካ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮች